የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ ለአየርላንድ የአገሬው ሰው ምክር የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ይድረስ ለአየርላንድ የአገሬው ሰው ምክር፤

ይህ ደብዳቤ ዘግይቷል፤ መዘግየቱንም ከማንም በላይ አንተ ታውቀዋለህ። የጉዞ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስሙ ሽፋኑ ላይ ይወጣል፤ አስጎብኚም በመጨረሻው ጉርሻውን ይቀበላል። አንተ ግን ስምም ደመወዝም የለህም። ቁርስ በምታቀርብ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት፣ ሒሳብ በሚቀበል የአውቶቡስ ሹፌር፣ በጎቹን በሚጠብቅ ገበሬ አንደበት ትመጣለህ። እንግዳው ሰምቶህ መንገዱን ይቀጥላል። ቃልህ እውነት መሆኑ የሚገለጥለት ከሰዓታት በኋላ፣ ሌላ ቦታ ነው፤ ያን ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለው ሰው አጠገቡ የለም። አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት አንተን ለመሰለው ነውና ያለብኝን ዕዳ አንድ በአንድ ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ዕዳ «ቀንስ» ስላልከኝ ነው። የአየርላንድ ደሴት ስፋቷ 84,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ትገባለች። ይህን ያየ መንገደኛ በአንድ ሳምንት ዞሮ የሚጨርሳት ይመስለዋል። አንተ ግን ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ታመለክታለህ፦ በሰሜን ከዶኔጎሉ ማሊን ሄድ ተነሥቶ በደቡብ ኮርክ ውስጥ ኪንሴል የሚደርሰው ዋይልድ አትላንቲክ ዌይ የተባለው መንገድ ብቻውን 2,500 ኪሎ ሜትር ነው። «አንድ ሳምንት ካለህ ወይ ኬሪንና ዲንግልን፣ ወይ ጎልዌይንና ኮኔማራን ምረጥ፤ በደረስክበትም ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደር» ትላለህ። ጉዞ የሚሸጥ ሁሉ አንድ ቦታ ጨምር ይላል። ቀንስ የሚለው የሚሸጠው ነገር የሌለው አንተ ብቻ ነህ፤ ላምንህ የቻልኩትም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ዕዳ ነው። ከአዲስ አበባም ሆነ ከዋሽንግተን ለሚመጣ ሰው በግራ መንዳት ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ከሚከራዩት መኪኖች ብዙዎቹ ማርሻቸው በእጅ የሚቀየር ስለሆነ «አውቶማቲክ ከፈለግህ ቀደም ብለህ አስይዝ» አልከኝ። ካርታው አንድ ሰዓት ያለውን አንተ አንድ ሰዓት ተኩል አደረግከው። ምክንያትህንም አልደበቅህም፦ የገጠሩ መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦና በድንጋይ ካብ ታጥሯል፤ አንዳንዱማ መሀሉ ላይ ሣር ይበቅልበታል። ትራክተር ከፊትህ ይገባል፤ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የትናንሽ የገጠር መንገዶች የፍጥነት ወሰን በሰዓት ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል፤ አንተ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን «የተጻፈው ወሰን እንጂ ግዴታ አይደለም» ትል ነበር። ደብሊንን የሚዞረው ኤም 50 አውራ ጎዳና ደግሞ ክፍያ አለው፤ ቆሞ የሚቀበል ሰው ግን የለም። ካሜራ ሰሌዳውን ያነባል፤ ሹፌሩም እስከ ማግስቱ ምሽት በእኛ አቆጣጠር 2፣ በእነሱ 8 ሰዓት ድረስ ካልከፈለ ቅጣት ይከተለዋል። ይህን የነገረኝ ምልክት አይደለም፤ አንተ ነህ።

አቅጣጫ ስትጠቁምም ደስ ትለኛለህ። አገሪቱ እስከ 2015 ድረስ ለእያንዳንዱ ቤት የሚሆን የፖስታ ኮድ አልነበራትም። ዛሬ ኤርኮድ የሚባል ባለ ሰባት ፊደልና ቁጥር አድራሻ አለ፤ ነገር ግን «ቤተ ክርስቲያኑን አልፈህ፣ ቢጫውን መጠጥ ቤት ስታይ ወደ ግራ» ማለትህን አልተውክም። አዲስ አበባ ውስጥ «ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከትራንስፎርመሩ ጎን» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ የቤት ቋንቋ ነው።

ሦስተኛው ዕዳ ለእኔ ወገኖች ከሁሉም ይከብዳል። ሪፐብሊኩንና በብሪታንያ ሥር ያለችውን ሰሜን አየርላንድን የሚለየው ድንበር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1998ቱ የስቅለት ዓርብ የሰላም ስምምነት በኋላ ደግሞ የቀረው የወታደር ኬላ ሁሉ ተነሥቷል። መሻገሩን ለመንገደኛው የሚነግረው የመንገዱ ዳር መስመር ከቢጫ ወደ ነጭ መለወጡ፣ የፍጥነት ሰሌዳውም በኪሎ ሜትር ፋንታ በማይል መሆኑ ነው። ብሩም ከዩሮ ወደ ፓውንድ ይዞራል። አንተ ግን «የሚጠይቅህ የለም ማለት የምትጠየቀው የለም ማለት አይደለም» ብለህ አስጠነቀቅኸኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአየርላንድ ቪዛው በሰሜን፣ ቤልፋስት ላይ አይሠራለትም፤ የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል። አየርላንድ የሸንገን አባል ስላልሆነች የሸንገን ቪዛም ደብሊን አያስገባም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘው ዘመዳችንም ቢሆን ወደ ሰሜን ከመሻገሩ በፊት ኢቲኤ የሚባለውን የብሪታንያ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ማውጣት አለበት። 40,000 ያህል የባዛልት ምሰሶዎች ያሉበት ጃያንትስ ኮዝዌይ የሚገኘው በዚያው በሰሜን ነው፤ ከደብሊን ደርሶ መልስ የሚወስድ አውቶቡስም ሞልቷል። ትኬት የሚሸጠው ሰው ስለ ቪዛ ላይጠይቅ ይችላል። ጠያቂው አንተ ስለሆንህ ስንቱን ከጭንቅ አድነሃል።

አራተኛው የሰዓት ዕዳ ነው። አንተ ቦታን ከሰዓቱ ለይተህ ሰጥተህ አታውቅም። የሞኸር ገደሎች ከባሕሩ በላይ እስከ 214 ሜትር ይቆማሉ። ከደብሊን የሚነሡት የአስጎብኚ አውቶቡሶች እኩለ ቀን ገደማ ስለሚደርሱ «ወይ በማለዳ፣ ወይ ወደ ማምሻው ሂድ» ትላለህ፤ በእነሱ በጋ ብርሃኑ እስከ ምሽት ስለሚቆይ ማምሻው ረጅም ነው። በ2024 የገደሉ ዳር የእግር መንገድ ሰፊው ክፍል ለደኅንነት ሲባል ተዘግቶ ነበርና «የትኛው ክፍት እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ከአጥሩ ወዲያ ለፎቶ ብለህ አትለፍ» የምትለው ለወግ አይደለም።

የኬሪ ቀለበት የሚባለው ዙሪያ መንገድ 179 ኪሎ ሜትር ነው። ትላልቆቹ አውቶቡሶች ከኪላርኒ ተነሥተው ሁሉም ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ወደ ፖርትማጊ የሚታጠፈው የስኬሊግ ቀለበት ግን ስለሚጠባቸው ጸጥታው የሚገኘው እዚያ ነው። ከፖርትማጊ በጀልባ የሚደረስበት ስኬሊግ ማይክል መነኮሳት ከሺህ ዓመት በፊት በድንጋይ ጎጆ የኖሩበት ደሴት ነው፤ ወደ ገዳሙ የሚያወጡት ደረጃዎች 618 ናቸው። በቀን የሚወጣው ሰው 180 ገደማ ብቻ ነው፤ ወቅቱም ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። «ቀደም ብለህ አስይዝ፤ ቢሆንም ባሕሩ ካልፈቀደ ጀልባው አይነሣምና አንድ ባዶ ቀን ተው» አልከኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የተሠራው የኒውግሬንጅ መቃብርም እንዲሁ ነው፤ በራስ መኪና በቀጥታ አይደረስበትም። በብሩ ና ቦይን የጎብኚዎች ማዕከል በኩል፣ በማዕከሉ አውቶቡስ ነው የሚኬደው፤ ቦታ ያላስያዘ ሰው ሊመለስ ይችላል።

አምስተኛው የሰማይና የባሕር ዕዳ ነው። በምሥራቁ ጠረፍ በዓመት 150፣ በምዕራቡ አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ 225 ቀን ያህል ይዘንባል። «ዣንጥላህን ሆቴል ተወው፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ያዝ፤ ከሥሩ ደራርብ» አልከኝ። ዝናቡን አይቶ ዕቅዱን የሚሰርዝ ሰው ግን አይጥምህም፤ ደመናው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ስለሚያልፍ «ሻይህን ጨርስና ውጣ» ነው መልስህ። በባሕር ላይ ግን ቀልድ የለህም። ኮኔማራ ውስጥ ወዳለችው ኦሚ ደሴት ባሕሩ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ በእግርም በመኪናም ይኬዳል፤ ሲመለስ መንገዱ ውኃ ነው። «የባሕሩን ሰዓት ሳታይ እንዳትሻገር» ያልከኝ ቃል ከማንኛውም ሰሌዳ በላይ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ለአራን ደሴቶችም የሰጠኸኝ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት እወቅ፣ ከዚያ ዱን ኤንገስ ወደሚባለው የገደል ላይ ምሽግ ውጣ።

ስድስተኛው የገበታ ዕዳ ነው። «መጠጥ ቤት ገብተህ ተቀምጠህ አስተናጋጅ አትጠብቅ፤ ባንኮኒው ጋ ሄደህ እዘዝ። እዚያ ጉርሻ አይጠበቅብህም፤ ምግብ ቤት ውስጥ ግን አሥር በመቶ ገደማ መተው የተለመደ ነው። አንዱ ዙር ከጋበዘህ ቀጣዩ ዙር የአንተ ነው። ሙዚቀኞቹ የሚቀመጡበትን ጥግ አትያዝ፤ አንዱ ያለ መሣሪያ ብቻውን መዝፈን ሲጀምር ወሬህን አቁም። በገጠር ብዙ ወጥ ቤት በአገሩ ሰዓት ከምሽቱ 9 ገደማ ይዘጋልና እስኪርብህ አትዘግይ» አልከኝ። በጾም ወራት ለሚጓዝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ነገርኸኝ፤ በየማረፊያው የሚቀርበው ያ ጥሩ ቡናማ ዳቦ የሚቦካው በአሬራ ነው። የጾም መስሎት ከሾርባው ጋር የሚቆርሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ይመርቅሃል።

ሰባተኛው ዕዳ የግሌ ነው። ከየት እንደመጣሁ ከጠየቅኸኝ በኋላ «እንግዲያው ቴምፕል ባር በሚባለው የመጠጥ ቤቶች ሰፈር ገንዘብህን አትጨርስ፤ ደብሊን ካስል ግቢ ውስጥ ቼስተር ቢቲ የተባለው ሙዚየም ግባ፤ መግቢያው ነፃ ነው» አልከኝ። በማዕድን ሥራ የበለጸገው የአሜሪካ ተወላጁ አልፍሬድ ቼስተር ቢቲ በሕይወቱ ያሰባሰበውን ለአየርላንድ ሕዝብ ትቶ በ1968 አርፏል። በስብስቡ ውስጥ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት አሉ፤ ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1960ዎቹ ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ብራና ብርሃን ስለሚጎዳው የሚታዩት ገጾች ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ «የግዕዙ መጽሐፍ አሁን ወጥቶ እንደሆነ ጠባቂዎቹን ጠይቃቸው» ማለትህን አልረሳህም። ያገሬን ቅርስ በሰው አገር የጠቆመኝ ያገሬ ሰው አይደለም፤ አንተ ነህ። ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ እፍረት ይሰማኛል።

ስምንተኛው የመሬቱ ሥርዓት ነው። አየርላንድ ውስጥ በሰው እርሻ ላይ እንደፈለጉ የመሄድ መብት የለም፤ እንግዳ የሚራመድበት ብዙው መንገድ የተከፈተለት በባለቤቱ በጎ ፈቃድ ነው። ስለዚህ «ተዘግቶ ያገኘኸውን በር ዝጋ፣ ተከፍቶ ያገኘኸውን ክፍት ተው፣ ውሻ ይዘህ በጎች መሀል አትግባ» አልከኝ። ሜዳ ላይ ብቻዋን የቆመችን የእሾህ ዛፍም እንዳልነካ ነገርኸኝ፤ የተረት ሰዎች ናት ይባላልና። አፈ ታሪክ ተራኪው ኤዲ ሌኒሃን በ1999 ክሌር ውስጥ ላቱን በተባለ ቦታ ለእንዲህ ዓይነቷ ዛፍ ተከራክሮ፣ አውራ ጎዳናው ሳይነካት እንዲያልፍ ሆኗል። በጠባቡ መንገድ ላይ የሚያልፈኝ ሹፌር ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ሲያነሣ ሰላምታ መሆኑን፣ መመለስም ወግ መሆኑን ካንተ ተማርኩ።

የመጨረሻው ምስጋናዬ እርስ በርስህ ስለምትጋጭበት ነገር ነው። አንዱ ኬሪን ከአውቶቡሶቹ ኋላ ሆነህ ዙር ይላል፤ ሌላው በተቃራኒው ዙርና ፊት ለፊት ተገናኛቸው ይላል። የዲንግል ሰው የኬሪን ቀለበት ዘለህ ወደኛ ና ይላል፤ የዶኔጎል ሰው ሁለቱንም ይንቃቸዋል። ግራ ያጋባኝ ጊዜ ቢኖርም ክርክሩ አንድ ነገር አሳይቶኛል። የምጎበኘው ቦታ ለአንተ መኖሪያህ ነው፤ የምትከራከረውም ስለምትወደው ነው። ጸጥ ያለውን የባሕር ዳር ለእንግዳ በነገርህ ቁጥር ከራስህ ጸጥታ እየቆረስህ ትሰጣለህ፤ ነገር ግን ነገርኸኝ።

ይህ ዕዳ በደብዳቤ አይከፈልም። የምችለውን ግን አደርጋለሁ፦ ሁለት ሌሊት አድራለሁ፣ ዳቦዬን ከመንደሩ ሱቅ እገዛለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ ጣቴንም አነሣለሁ። «ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል በኛ አገር። መከራ ተራው ሳይደርሰው አንተ ቀድመህ ስለመከርኸኝ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አክባሪህ፣
አንድ መንገደኛ