ጀልባና ቅሬ

ከደሴ ተነስቶ ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ የሐይቅን ከተማ ለቆ ሲወጣ ውሃው በስተቀኝ ብልጭ ይላል። ጊዜው 2017 ዓ.ም. ነው፤ «ጣና ነሽ ፪» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጭና ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ሰው በየከተማው ወጥቶ የሚያያት፣ በስልኩ የሚቀርጻት ሰሞን። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ወደ ሐይቁ እያመለከቱ፣ «ለዚህስ አንድ ጀልባ አምጥተው ለሰፈሩ ሰው በጋራ ቢሰጡት ምን ነበረበት?» አሉ። ከኋላ የነበረ ወጣት ቀበል አድርጎ፣ «አባባ፣ የጋራ ነገር እኮ ባለቤት የለውም። ለማኅበር ይስጡትና በዓመቱ ማገዶ ሆኖ ያገኙታል» አላቸው። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እርሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ።

እኔም ዝም አልኩ። እስከ ውርጌሳ ድረስ መልሱን በሆዴ ሳመላልስ ነበር፤ ይኸው አሁን እጽፈዋለሁ። ወጣቱ ተሳስቷል። አብረውት የሳቁትም ተሳስተዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ከሳቁት አብዛኞቹ የሐብሩና የአምባሰል ሰዎች፣ ማለትም የቅሬ (የእድር) ልጆች መሆናቸው ነው።

«የጋራ ነገር ባለቤት የለውም» የሚለው አባባል የሚኒባስ ወሬ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅሁ። ነገር ግን በየስብሰባው የሚነገር፣ በጀት የሚያስከለክል፣ ጀልባውን ወይ ለመንግሥት ድርጅት ወይ ለአንድ ባለሀብት የሚያሰጥ ፍርድ ሆኗል። የምሁር ድጋፍም አለው። ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሁሉም ከብቱን የሚያሰማራበት ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ደመደመ። ያ ጽሑፍ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ዳዊት ተደገመ። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ራሱን አርሞ «ማለት የነበረብኝ ሥርዓት ያልተበጀለት የጋራ ሀብት ነበር» ማለቱን ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ከስፔን የመስኖ ቦዮች እስከ ስዊዘርላንድ ተራራ ግጦሽ ያሉ ጥናቶችን መርምራ፣ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይጠፉ የኖሩ የጋራ ሀብቶችን ቆጥራ አሳየች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። እኛ ግን ኦስትሮምን ለማንበብ እንኳ አያስፈልገንም ነበር። የጎረቤታችንን ዕቃ ቤት ከፍቶ ማየት ይበቃል። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ጀልባን እንደ ጀልባ እንየው። ጀልባ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ የሚያበላው ግን በወቅት ነው። ጣና ላይ ወደ ዘጌ የሚያመላልስን ጀልባ አስቡ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ቡና በሚለቀምበት ወራት በሰውም በጆንያም ሞልቶ ይሄዳል። ሐምሌ ሲገባ ዝናብና ማዕበል ይመጣል፣ ተሳፋሪው ይሳሳል፣ ሞተሩ ግን ዘይቱን ይፈልጋል፤ ብረቱም እየዛገ ነው። ቀኑም በውስጡ ወቅት አለው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳ ጉዞው የጠዋት ነው። እንግዲህ ጀልባ የሚሞተው በበጋው፣ በጥር፣ ገንዘብ ስላጣ አይደለም፤ የጥርን ገንዘብ ለሐምሌ ያቆየለት ስላልነበረ ነው። በጋራም ይያዝ፣ በግልም ይያዝ፣ መንግሥትም ይያዘው፣ ሕመሙ ይኸው ነው።

መንግሥት የያዘውን ላንሳ፤ እርሱ ዘላቂ ነው ይባላልና። ጣና ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ9 ሜትር አይበልጥም። ውሃው እስከ ሰኔ ይጎድላል፣ ክረምቱ ሲገባ ይሞላል፣ መስከረም ላይ ከፍ ይላል። የዳርቻው ሰው ይህንን በአያት በቅድመ አያት ያውቀዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ግን ከሐይቁ በሚወጣው በዓባይ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሌሎች በሮች ተጨመሩለት፤ ከሐይቁ የሚለቀቀው ውሃ የጢስ ዓባይን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሰዓት መከተል ጀመረ። ዝናቡም ከዳ። በሰኔ 2003 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1995 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የሐይቁ ከፍታ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛው ልክ ያ ነበር። አራት ወር ያህል ቆሙ።

ባለቤት ነበራቸው እኮ! ማኅተም፣ ሥራ አስኪያጅ፣ በጀት ነበራቸው። ያልነበራቸው ነገር፣ የግድቡን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው «ውሃውን እንዲህ ከለቀቃችሁት ሰኔ ላይ መርከቡ መሬት ይነካል» የሚለውን የዳር ሰው የሚሰማበት ሸንጎ ነው። በዚያው ሰኔ ታንኳ ይሄድ ነበር። ታንኳ ስንዝር ውሃ ካገኘ ይንሳፈፋል።

ታንኳን የድህነት ምልክት አድርገን ስለምናየው ውስጡ ያለው ሥርዓት አይታየንም። ደንገል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይታሰራል፤ ከዚያ ሰው፣ እህልና ማገዶ ይጭናል። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ከውሃው ይወጣና ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፀሐይ ጠጥቶ እንደገና ይቀላል። ያለ ዕረፍት የተነዳ ታንኳ ከብዶ ይሰጥማል። ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ አትላንቲክን ሊሻገር ተነስቶ ነበር፤ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከኋላዋ ውሃ እየጠጣች ዘቀጠችና ጥለዋት ወጡ። ማድረቂያ ዳርም አልነበራትም። የጣና ገዳማት መነኮሳትና የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ይህንን የማድረቅ ሥርዓት ሳይጽፉት ለዘመናት ኖረውበታል። የገዳም ታንኳ የማንም አባት የግል ንብረት አይደለም፤ የማኅበረ መነኮሳቱ ነው። ደሴቶቹ ላይ ሰው የኖረው፣ ብራናው የተጻፈው፣ ዕጣኑ የተሻገረው በእርሱ ነው። በዓመቱ ማገዶ ሲሆን አላየንም።

የሰባራ ድልድይ ነገርም አለ። ከሞጣ በኩል፣ ዓባይ ላይ፣ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የጎጃምና የጎንደር ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረ፤ በወዲህ ማዶ ሰዎች፣ በወዲያ ማዶ ሰዎች፣ በመሃል ወገቡ የታሰረ ሰው፣ ከታች ዓባይ። ናሽናል ጂኦግራፊክ ፎቶውን ሲያወጣ አንድ አሜሪካዊ አይቶት «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። መጀመሪያ የተጠገነውን ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ። እሰየው ነው። ዓለም ግን በዚያ ፎቶ ላይ ያየው ችግር ብቻ ነው። እኔ የማየው ደግሞ የሁለት ክፍለ ሀገር ሰዎች የጋራ መሻገሪያ ነው። ገመዱን የገዛው አለ፣ ሲሳሳ የቀየረው አለ፣ ገበያ ሲደርስ ከሁለቱም ማዶ ሊስብ የወጣ አለ። ባለቤት በሌለው ገመድ ላይ ማን ነፍሱን ያንጠለጥላል?

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። መርሳ ጀልባ የለም፤ ወንዞቻችን በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘለሉ፣ በክረምት ደግሞ በሬ የሚወስዱ ናቸው። ቅሬ ግን አለን። ሌላው አገር እድር ይለዋል። በወሎ ቅሬ ክርስቲያንና እስላም አብረው የሚቀብሩበት፣ አብረው የሚቀጡበትም ነው። አንባቢ ያውቀዋልና አላብራራም። የማብራራው ድንኳኑን ነው።

የእኛ ሰፈር ቅሬ ድንኳን ዕድሜው ከአንዳንዶቹ አባላት ልጆች ይበልጣል። ብዙ ለቅሶ ተቀምጠንበታል። ጠርዙ ላይ ተጥፏል፣ ገመዱ ተቀይሯል፣ ካስማው በአዲስ ተተክቷል፤ ሸራው ግን ያው ነው። ይህ እንዴት ሆነ ብላችሁ በሐምሌ አንድ ቀን መጥታችሁ እዩ። ሦስተኛው ቀን አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ዝናብ እየጣለበት ነው። ጎረምሶቹ ደክሟቸዋል፤ ጠቅልለው ጥለውት ቢሄዱ ደስ ይላቸዋል። ዕቃ ቤት ኃላፊው ግን በሩ ላይ ቆመዋል። ሸራውን በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ ከዚያ ጠርዙን ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ይጫኑታል፣ ውሃ የሚደበቀው ስፌት ውስጥ ነውና። እርጥብ ከሆነ አይረከቡም። «ልጆቼ፣ መልሱት» ይላሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አያደርጉም። ጎረምሶቹም ወስደው የአንዱ ሰው በረንዳ ላይ ይዘረጉታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያወጡታል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ያስገቡታል። ይህ ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳል። እርጥቡን አጥፎ ያስገባ ይቀጣል፤ የቅሬው ዳኛ ልጅም ቢሆን ይቀጣል፣ ሲቀጣም አይቻለሁ።

ታንኳውን ዳር ላይ በሚያቆመው ሰውና በእኝህ ሰው መካከል ልዩነት አለ? ሁለቱም የሚጠብቁት ዕቃው ሥራ የሚፈታበትን ሰዓት ነው። የጋራ ንብረት የሚበላሸው ሲሠራ ሳይሆን ሲቀመጥ ነው፤ ቅሬ ደግሞ የመቀመጫውን ሰዓት ባለቤት ሰጥቶታል። ገንዘቡም እንዲሁ ነው። በዚህ ወር ማንም አልሞተም ብሎ መዋጮ የሚያስቀር የለም። የምንከፍለው ላለፈው ለቅሶ ሳይሆን ለማናውቀው ነው። ይህ ነው ለጀልባ የሚያስፈልገው ሒሳብ፤ በጥር ሰብስቦ ሐምሌን ማሰብ። ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ሲዞር የማይነሳ አባል ቅጣቱን አስቀድሞ ያውቃል፤ የቅጣቱን ልክ ያወጣው ደግሞ ራሱ ተቀምጦ ነው። አዲስ አበባ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይህን ጉልበት አያገኝም።

መስኖውም ይመሰክራል። ጊራናና መርሳ ማንጎና ብርቱካን የሚያበሉት በተራ በሚደርስ ውሃ ነው። ክረምቱ ጠለፋውን ያፈርሰዋል፣ ቦዩን በደለል ይሞላዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ የውሃ አባቱ ሰው ጠርቶ ያስጠርጋል። ያልጠረገ ተራው ይዘለላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ውሃው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ተራው የማን ነው ተብሎ ነው።

«የደርግ የአምራቾች ኅብረት ሥራስ?» ይሉኛል። አውቃለሁ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው በጥቂት ጊዜ ውስጥ መሬቱንም በሬውንም ተካፍሎ ወጣ። ታዲያ ያ የጋራ ነበር? ገበሬው መክሮ ያልገባበት፣ መውጣት የማይችልበት፣ ኃላፊውን ራሱ የማይሽርበት ነገር የጋራ አይባልም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቀበሌ፣ በዚያው ገበሬ እጅ የነበረው ቅሬ አልፈረሰም። ክርክሩን ይህ አንድ ነገር ይዘጋዋል።

«ለማኅበር ተሰጥቶ ዳር ላይ የተገለበጠ ጀልባ በዓይናችን አይተናል» የሚለውም እውነት ነው፤ እኔም አይቻለሁ። ርክክቡ ላይ ንግግር ተደረገ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ጀልባው ተሰጠ። የሚያደርቀው፣ የሚቀባው፣ የሐምሌን ወጪ በጥር የሚያስቀምጠው ሰው ግን በስም አልተጠራም። ከዚያም ሲዝግ «ይኸው የጋራ ነገር» ተባለ። ድንኳን ያለ ዕቃ ቤት ኃላፊ ብትሰጡን እኛም በአንድ ክረምት ሻጋታ እናደርገው ነበር።

እንዲያውም ከዚህ አልፌ እሄዳለሁ። በጣናም በሐይቅም ላይ ያለው የሕዝብ ማመላለሻ፣ ከትንሹ ጀልባ እስከ ትልቁ መርከብ፣ ለዳርቻው እድርና ቅሬ፣ በደሴቶቹም ለገዳማቱ ማኅበር ተላልፎ መሰጠት አለበት። የግድቡን በር የሚከፍተውም እነርሱን ሳይጠይቅ መክፈት የለበትም። መሐንዲሱ ይኑር፣ መካኒኩ ይቀጠር፤ ቁልፉና ደብተሩ ግን ስፌት በጣታቸው በሚጫኑ ሰዎች እጅ ይሁን። በመንግሥት እጅ አራት ወር የቆመ መርከብ ታይቷል፤ ድንኳን አጥቶ ሜዳ ላይ የተለቀሰበት የእኛ ሰፈር ሬሳ ግን የለም።

ጀልባ ለማኅበር ልትሰጡ ያሰባችሁ ሹማምንትና በጎ አድራጊዎች፣ ቁልፉን ከማስረከባችሁ በፊት የሰፈሩን የቅሬ ዳኛና ዕቃ ቤት ኃላፊ ጥሩልኝ። የክረምቱን ወጪ እነርሱ ይቁጠሩት፤ ደብተሩንም ከጀልባው ቀድማችሁ ስጧቸው። የሚኒባሱ ወንድሜ፣ አንተም በሐምሌ በመርሳ የምታልፍ ከሆነ ውረድ። ዝናቡ ካባራ ድንኳናችን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ታየዋለህ።