ለአርሰናል የምንከፍለውን ለፊልማችን እንንፈገዋለን?

ወጣቶች፣ እስኪ ሰፈራችሁን ቃኙ። ዲኤስቲቪ ቤት አታጡም። አግዳሚው አለ፣ ትልቁ ስክሪን አለ፣ በር ላይ ብር የሚሰበስብ ልጅ አለ። ቅዳሜ ለአርሰናልና ለማንቼ ከፍላችሁ ትገባላችሁ፤ ቦታ ከጠፋም ቆማችሁ ታያላችሁ። እዚያው ስክሪን ላይ የሀገራችሁ ፊልም መቼ ታየ?

«ፊልማችን ሞተ» ማለት ቀላል ነው። ግን በምን ይኑር? ሲኒማ ቤት ያለው በአብዛኛው አዲስ አበባና ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። የወረዳ ከተማው ልጅ ፊልሙ ተሰርቆ ስልኩ ላይ እስኪደርስ ይጠብቃል። ከዚያ ለተዋናዩም ለካሜራ ባለሙያውም ሰባራ ሳንቲም አይደርስም።

«አዳራሽ የለንም» ለሚል ኃይሌ ገሪማ መልስ ሰጥቶናል። የባርነትን ታሪክ የሚናገረው «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ አጣ። ሰውየው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ አዳራሽ እየተከራየ፣ ከጥቁሮች ማኅበረሰብ ጋር እየተባበረ ከከተማ ከተማ አሳየው። ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። በፊልሙ ስም የከፈቱት የመጻሕፍት መደብር ዛሬም ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ቆሟል። የዚሁ ሰው «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ፌስፓኮ ላይ ተሸለመ። ዓለም አይቶታል። እናንተስ?

«የኛ ፊልም ጥራት የለውም» የምትሉም አላችሁ። ደካማ ፊልም ሞልቷል፣ እውነት ነው። ግን ጥራት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ደግሞ የሚመጣው ከትኬት ነው። ክለባችሁ አምስት ጎል ሲቆጠርበት ትታችሁት ሄዳችኋል? ለራሳችሁ ሰው ሲሆን ትዕግስታችሁ ለምን ያልቃል?

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ኳስ በሌለበት ምሽት የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤት አናግሩ። እሱ እምቢ ካለ የወጣት ማዕከሉን ወይም የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ጠይቁ። በፍላሽ የተገለበጠ ፊልም ግን አታሳዩ፤ ሌብነት ነው። ፕሮዲውሰሩን አግኙ፣ በወረቀት ተዋዋሉ፣ ከትኬቱ ድርሻውን በሐቅ ስጡት። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት አብሩና ተከራከሩበት።

የሀገር ፍቅር ባንዲራ ፕሮፋይል ላይ በመለጠፍ ብቻ አይለካም። የራሱን ታሪክ በራሱ ዓይን ማየት ያቆመ ትውልድ ሌሎች በሳሉለት መልክ ራሱን ያያል። ከንፈር መምጠጡ ይብቃን። በዚህ ሳምንት አንድ ቤት፣ አንድ ፊልም፣ አንድ ምሽት!