የታየችው ወፍና ያልቀረበው ማስረጃ

ከገዳሪፍ እስከ ጋላባትና መተማ ባለው የወሰን አገር ከሰሊጥና ከማሽላ ጋር ወሬም ይመላለሳል። ትኑር ትጥፋ የማትታወቅ ወፍ «ታየች» የተባለች እንደ ሆነ፥ ማመንም መናቅም ቀላል ነው፤ መመርመር ግን ድካም አለበት። ይህንንም ሁለት ጉዳዮች ያስረዳሉ፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የቀይ ባሕር ጨረባ ጉዳይ ነው። በ1984 በግንቦት ወር ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በሳንጋነብ የመብራት ግንብ፥ የአንዲት ጨረባ በድን ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ፍራይና ስሚዝ የተባሉ ሊቃውንት አዲስ ዘር መሆኗን ጻፉ። ጎጆዋ በሱዳን ወይም በኤርትራ ተራሮች ይሆናል ተባለ፤ ይህ ግን እስከ ዛሬ ግምት ነው። በኢትዮጵያም በአዋሽና በላንጋኖ አካባቢ መሰሎቿ ታዩ ተባለ፤ ሆኖም የተነገረው መልክ ከሳንጋነቧ ጋር በሚገባ አልገጠመም። ጨረባ በአየር ላይ ፈጣን ናት፤ ከአውሮፓ መጥተው በዚህ የሚያልፉ ዘመዶቿም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ተመልካቹ ሐቀኛ ቢሆንም ዓይኑ ሊያታልለው ይችላል።

ሁለተኛው ለገዳሪፍ ቅርብ ነው። ከሱዳኑ ዲንደር ጋር በሚዋሰነው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን ነዋሪዎች ይናገሩ ነበር። በ2016 ሃንስ ባወር የመሩት ጉዞ ፎቶግራፍና የእግር ዱካ ባቀረበ ጊዜ ጥርጣሬው ተወገደ።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። አስተዳዳሪ በወሬ ብቻ መሬት ቢከለክል ገበሬውንና ነጋዴውን ያለ ምክንያት ይጎዳል። ማስረጃ አልቀረበም ብሎ ደኑን ለእርሻና ለከሰል ቢለቅ ደግሞ፥ ምናልባት ያለውን ፍጥረት ሳይታወቅ ያጠፋዋል። በገዳሪፍ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው የትራክተር እርሻ ምን ያህል ደን እንደ መነጠረ የአገሩ ሰው ያውቃል።

ነጋዴ ሰሊጥን በሻጩ መሐላ አይገዛም፤ ጆንያውን አስፈትቶ ናሙና ያያል። «አየሁ» የሚለውም ሰው በአክብሮት ቀኑንና ቦታውን፥ ፎቶግራፉንና ሁለተኛ ምስክሩን ይጠየቅ። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጨረባዪቱን የመዘገባት መረጃ ከጎደላቸው ፍጥረታት ጋር ነው። የእኛም መዝገብ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ «አልተረጋገጠም» ይበል፤ «ጠፍታለች» ለማለት ግን አይቸኩል።