“ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማትረፍ” የሚሉት ነገር

ከቤት ሳይወጡ፣ በጥቂት ገንዘብ፣ ትርፋማ ንግድ መጀመር ይቻላል የሚለው ስብከት ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ፣ ከሬዲዮ ወደ ጋዜጣ ሲዘዋወር ዓመታት አስቆጥሯል። ሰባኪዎቹ ብዙ ናቸው፤ አሠልጣኙ፣ የብድር ሠራተኛው፣ “የስኬት ምስጢር” ደራሲው። ተሰባኪዋ ግን ዘወትር አንዲት ናት፤ ልጆች ያሏት፣ ገቢዋ ያነሰ፣ ምጣድ ያላት እመቤት። ንግግሩም የሚቆመው በሁለት ምሰሶዎች ላይ ነው፦ “የቤት ኪራይ የለብሽም፤ ለሠራተኛ ደመወዝ አትከፍይም።” የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከእነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ጋር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቋንቋችን ይመስለኛል። አንድን ወንድ “ባለሙያ ነው” ስንል ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም አናጺ መሆኑን መናገራችን ነው። አንዲትን ሴት “ባለሙያ ናት” ስንል ግን፣ ቢሮ ውላ የምትገባ ብትሆን እንኳ፣ ወጧ ይጣፍጣል፣ እንጀራዋ ዓይናማ ነው ማለታችን ነው። የፊተኛው ሙያ ሲጠራ ዋጋው አብሮ ይጠየቃል፤ የኋለኛው የሚከፈለው በ“እጅሽ ይባረክ” ነው። ባልትናም እንዲሁ። በርበሬ መቀንጠስ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መደለዝና ማስፈጨት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የማያውቅ ቤተሰብ የለም፤ ቀኑን በብር ያሰላ ግን ጥቂት ነው። ልብስ ሰፊው፣ ጨርቁን ራሳችን ገዝተን ወስደንለት እንኳ፣ “የእጅ ዋጋ” ብሎ ሲጠይቀን አንገረምም። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን የጤፉን፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ወጪ ከሽያጩ ቀንሳ የቀረውን ሁሉ “ትርፍ” እንድትል ተምራለች። የእጅ ዋጋዋ የት ገባ?

እስቲ ሥራውን ከሥሩ እንመልከተው። ጤፉ ከእህል በረንዳ ወይም ከሰፈር እህል ቤት ይገዛል፤ ይበጠራል፣ ይነፋል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ላዩ ላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል፤ አብሲት ይጣላል፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ምጣዱ የሚጋለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ምጣዱን አስሶ፣ ሊጡን አዙሮ፣ አክንባሎውን ገጥሞ፣ በሰፌድ እስኪያወጡት ድረስ ለአንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ብንሰጥ፣ 100 እንጀራ 5 ሰዓት ይፈጃል። ማቡካቱ፣ ቆጥሮ ማሰሩ፣ ለደንበኛ ማድረሱና ዕቃውን ማጠቡ ሲጨመር ቀኑ 8 ሰዓት ይሞላል።

አሁን ቁጥር ልጥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው፤ እያንዳንዷ ባለምጣድ በራሷ ቁጥር ትለውጣቸው። በቀን 100፣ በ26 ቀን 2,600 እንጀራ ተጋገረ። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ መብራቱና ትራንስፖርቱ ተቀንሶ ከአንዱ እንጀራ 4 ብር ቀረ እንበል፤ 10,400 ብር ሆነ። በሥልጠናው አዳራሽ የሚጨበጨብለት ቁጥር ይኸው ነው። ለ208 ሰዓት ሲካፈል ግን ለአንዱ ሰዓት 50 ብር ነው። ይህም ሁሉም ሲሸጥ ነው። እንጀራ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ የሚሻግት ነገር ነውና ባለሱቁ ያልተሸጠውን ይመልሳል። ከ100 አምስቱ ቢመለሱ፣ የአንዱ መሸጫም 25 ብር ቢሆን፣ በቀን 125፣ በወር 3,250 ብር ከዚያው ላይ ይነሣል። የቀረው 7,150 ብር፣ ለሰዓቱ 34 ብር ገደማ ነው። ተመላሹ ድርቆሽ ሆኖ ቤት ይበላል ይባል ይሆናል፤ ድርቆሽ ግን የምጣዱን ዕዳ አይከፍልም።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ፣ እመቤት። ነገ ብትታመሚና በአንቺ ቦታ ጋጋሪ ብትቀጥሪ፣ የእሷ የቀን ሂሳብ ተከፍሎ የሚቀር ነገር አለ? ካለ፣ ትርፍ የሚባለው እሱ ነው። ከሌለ፣ ትርፍ ያልሽው ደመወዝሽ ነበር። ጭራሽ ከጎደለ ደግሞ ባለሱቁንና ባለሆቴሉን በጉልበትሽ እየደጎምሽ ነው።

“ኪራይ የለብሽም” የሚለውም ከዚህ አይሻልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ3.5 ብናስበው የ5 ሰዓት ጋገራ በቀን 17.5፣ በ26 ቀን 455 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ፍጆታው ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ያድጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአራት አምስት ተከራዮች ጋር አንድ ቆጣሪ የምትጋራ ሴት ግቢውን በሙሉ ወደ ላይኛው እርከን ይዛው ትወጣለች። ከዚያ የአከራይ ፊት ይጠቁራል፤ ወይ “ምጣድ አይቻልም” ይመጣል፣ ወይ ወርሃዊው ይጨመራል። ልጆቹ የሚያጠኑባት ክፍል የቡሖ ማስቀመጫ ስትሆን ያ ጥበትም ዋጋ አለው። የለም የተባለው ኪራይ ይህ ነው።

“ታዲያ ምን ትሁን? ቁጭ ብላ ከምትውል ጥቂትም ብታገኝ አይሻልም ወይ?” የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቁጭ ብላ የምትውለው ሴት የት እንዳለች የሚያሳየኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ልጅ የምታሳድግ፣ አማት የምታስታምም፣ ውሃ ወረፋ የምትይዝ ሴት “ቁጭ ብላ ዋለች” የምትባለው ስላልተከፈላት ብቻ ነው። እርግጥ ነው፤ ሕፃን ለሰው ከመተው በአነስተኛ ክፍያም ቢሆን ቤት መሥራትን የሚመርጡ እናቶች አሉ፤ ምርጫውም የራሳቸው ነው። ነገር ግን የመረጡት ደመወዝ መሆኑን አውቀው ይምረጡ። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለምና። የምታገኘው ትርፍ ነው ብላ ያመነች ሴት፣ ጎረቤቷ ዋጋ ስትሰብር “ትርፌ ትንሽ ይነስ” ብላ ትከተላታለች። ደመወዟ መሆኑን ያወቀች ግን ከየትኛው ዋጋ በታች እንደማትወርድ ታውቃለች። ወለሉ ሳይታወቅ በተጀመረ የዋጋ ፉክክር መጨረሻ ላይ የሚመጣው፣ ጤፉን እያሳነሱ ርካሹን ዱቄት ማብዛት ነው፤ ያን ጊዜ ደንበኛውም ይሸሻል።

ለሰባኪዎቹ አንድ ነገር ልተውላቸው። ልጆቹ ከመሶቡ የሚበሉት እንጀራ ወጪ ሳይሆን ገቢ ነው፤ በሱቅ ዋጋ ተተምኖ መዝገብ ላይ ሊገባ ይገባዋል። “ከሰርኩ” ከሚሉት ሴቶች መካከል ስድስት ሰው እየመገቡ መሆኑን የዘነጉ አሉ።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ እንዳይመስል። በናይሮቢ ኢስሊ፣ በካምፓላ ካባላጋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነቱ እስኪነሣ ድረስም በካርቱም፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የወጡ ሴቶች በኪራይ ክፍላቸው እየጋገሩ ሲያድሩ ኖረዋል። በሰው አገር ያለች ጋጋሪ ደግሞ ሌላ ቅናሽ ትጠየቃለች፤ “የአገሬ ልጅ” የሚሉት ቅናሽ። አንዳንዱ ባለምግብ ቤት ሥጋውን ከሉካንዳ በዋጋው፣ በእጅ በእጅ ይገዛል። እንጀራውን ግን በዱቤ ይወስድና፣ ወሩ ሲሞላ ስለ ገበያው መቀዝቀዝና ስለ አገር ናፍቆት ያጫውታታል። ናፍቆቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዕዳው ግን በናፍቆት አይወራረድም።

ወደ አገር ቤት ልመለስ። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 40 ለአነስተኛ የብድር ተቋማት ሕጋዊ በር ከከፈተ ወዲህ፣ የሚያዝ ቤት የሌላት ሴት በቡድን ዋስትና መበደር ችላለች። ይህን አላንኳስሰውም። ሆኖም የቡድን ዋስትና ማለት አንዷ ስትወድቅ የቀሩት ይከፍላሉ ማለት ነው፤ በተሳሳተ ሂሳብ የተገዛ ምጣድ ባለቤቱን አክስሮ አያበቃም፣ ዕቁቡንም ጉርብትናውንም ያደፈርሳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ደግሞ ጥቃቅን የሚባለውን ተቋም ሲተረጉም ባለቤቱን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚሠራበት ይላል። ባለቤቲቱ በሠራተኛነት ተቆጥራለች ማለት ነው። በሪፖርት ላይ “የሥራ ዕድል ተፈጠረላት” ተብላ የምትቆጠር ሴት፣ በገዛ ደብተሯ ላይ ለምን ትጠፋለች?

ስለዚህ አሠልጣኞች በሚያድሉት ደብተር ላይ፣ ከጤፍና ከወፍጮ በፊት፣ “የእጅ ዋጋዬ በቀን” የሚል መስመር ያስምሩ፤ ከሥሩም “ተመላሽ” እና “ቆጣሪ” የሚሉ ሁለት መስመሮች ይግቡ። አበዳሪውም ብድሩን ከመፍቀዱ በፊት መስመሮቹ መሞላታቸውን ይይ። አስልታ “አያዋጣኝም” ብላ የተነሣች ሴት ሥልጠናውን ያቋረጠች ተብላ አትመዝገብ። አስልታ የምትጋግረዋም ወደ ባለሱቁ ደብተሯን ይዛ ትሂድና የተመላሹን ግማሽ እሱ እንዲችል ትጠይቀው። እምቢ ቢላት፣ ሱቁ በቀን የሚሸጠውን ቁጥር አታጣውምና፣ በማግስቱ ከ100 ይልቅ 95 ትጋግራለች።