መስመሩ ማታ ማታ ለምን ይደክማል?

በኛ በተማሪዎች ዘንድ ከሚሰሙት ሮሮዎች መካከል ዛሬ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘው የምግቡ ነገር አይደለም፤ የኢንተርኔቱ ነገር ነው። ጧት በሻይ ቤት፣ ቀትር ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ፣ ማታ በየተከራየንበት ቤት «ኔትዎርኩ ሞተ!» ሲባል እንሰማለን። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ወቃሽ የሚወቅሰውን ይመርጣል። አንዱ ኩባንያውን ይረግማል፤ ሌላው ጐረቤቱን ይጠረጥራል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የድኻ አገር ዕጣው ይኸው ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኛም እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ ከነዚሁ ጋር ነበርን። ሐሳባችንን ያስለወጠን ነገር የሚያሳፍር ቢሆንም ሳንደብቅ ብንናገረው ለሌላው ይጠቅማል ብለን ተነሥተናል።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ቤት ተከራይተን አምስት ሆነን እንኖራለን፤ የመስመሩንም የወር ሂሳብ ለአምስት እንካፈላለን። ከመካከላችን ሁለቱ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ እንዲልኩ ቀነ ገደብ በተሰጣቸው ምሽት መስመሩ ደከመ። ፋይሉ እስከ ግማሽ ይሄድና ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል፤ እንደገና ይቆማል። ሰዓቱ አለፈ፤ ጽሑፉ አልሄደም። አምስተኛው ጓደኛችን ከእራት በኋላ ፊልም ማየት ይወዳል፤ በዚያችም ምሽት ያይ ነበር። እንግዲህ አራታችንም በአንድ ቃል ተነሣንበት። «ባንተ ጨዋታ የሰው ዓመት ይቃጠል?» ከማለት አልፈን የማይነገረውንም ተናገርን። እርሱ አንድ ቃል ሳይመልስ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወጣ፤ ሌሊቱንም በሌላ ጓደኛ ቤት አደረ። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን መስመሩ እንደ ደከመ ቀረ። ጽሑፉ በማግሥቱ ጧት ገባ፤ ስለ ዘገየም ነጥብ ተቀነሰበት።

በሳምንቱ መጨረሻ ከመካከላችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚማረው የራውተሩን ገጽ ከፍቶ የትኛው መሣሪያ ምን ያህል እንደሚልክና እንደሚቀበል መረመረ። ያገኘው ነገር ይህ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከሠርግ ያመጣናቸውን ፎቶግራፎችና ቪዲዮዎች የአራታችንም ስልኮች ማንም ሳያዛቸው በየማታው ወደ ሩቅ ማከማቻ ይልኩ ነበር። በአህያው ፈንታ ዳውላውን መምታት ማለት ይኸ ነው። ተበዳዮች ነን ያልነው ሁሉ በዳዮች ሆነን ተገኘን።

ፎቶግራፍ መላክ ፊልም ከማየት ይልቅ ቤቱን ስለ ምን ያንቃል? የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ይህ ነው። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው መስመር የሚቀበልበት መንገድ ሰፊ፣ የሚልክበት ግን ጠባብ ነው፤ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የሚባለው ዘዴ ሲወረድ በሴኮንድ እስከ 8 ሜጋቢት፣ ሲላክ ግን ወደ 1 ሜጋቢት ብቻ እንዲሆን የተሠራ ነው። ከዚህም በላይ ከውጭ ለሚመጣልን መረጃ ኮምፒዩተራችን «ደርሶኛል» የሚል ደረሰኝ መልሶ ይልካል። የመላኪያው መንገድ በፎቶግራፍ ሲሞላ ደረሰኙ ተራ ይጠብቃል፤ ደረሰኙ ሲዘገይ ላኪው የሚቀጥለውን ይይዛል። ስለዚህ የሚወርደውም አብሮ ይንቀራፈፋል። ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም የሚፈልገው በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ያም ቢሆን አብዛኛው በሰፊው መንገድ የሚወርድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ልናነሣው የሚገባን፣ ብዙዎቻችን የምንስተው የቍጥር ነገር አለ። ኩባንያው የሚሸጥልን በሜጋቢት ነው፤ ፋይላችን የሚለካው ግን በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። የ10 ሜጋቢት መስመር በሙሉ ኀይሉ ቢሠራ እንኳ በሴኮንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋባይት ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ ፋይል ያለ ተሻሚ 9 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ «10 ተብዬ አንድ ደረሰኝ» ብሎ የሚከስ ተማሪ ክሱ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቅበታል።

ሁለተኛው ደካማ ስፍራ እዚያው ቤታችን ውስጥ ያለው አየር ነው። ዋይፋይ ማለት ሬዲዮ ነው። በአንድ የሬዲዮ መንገድ ላይ ያሉ መሣሪያዎች ተራ በተራ እንጂ ባንድ ጊዜ አይናገሩም፤ አንዱ ርቆ በዝግታ ሲናገር የሌሎቹን ጊዜ ይበላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሳይደራረቡ የሚሠሩት መንገዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው። ግቢ ለግቢ ተጠጋግቶ በተሠራ ሰፈር ዐሥር ራውተር በነዚህ በሦስቱ ላይ ሲጮኽ መደማመጥ አይቻልም። የብሎኬቱ ግድግዳ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ብዙ መንገድ አለው፤ ግን ግድግዳ አይወድም፤ ርቀትም አይችልም።

ሦስተኛው ከደጃችን እስከ ኩባንያው ጣቢያ ያለው ነው። የመዳብ ሽቦ በረዘመ ቍጥር ምልክቱ ይደክማል፤ ያረጀ መጋጠሚያ፣ ዝናብ የገባበት ሳጥን ደግሞ ይብሱበታል። ይህ ዐይነቱ ድካም ጧትም ማታም ያው ስለ ሆነ በቀላሉ ይታወቃል።

አራተኛው፣ ዋነኛውም የማታ ጠላታችን፣ የጋራው መንገድ ነው። የቦኖ ውሃ ቀድቶ ያደገ ሁሉ ይህን ያለ መምህር ይረዳዋል። ቧንቧው አንድ ነው፤ ጐረቤት ሁሉ ባንድ ሰዓት ሲከፍት ውሃው ይቀጥናል። የኢንተርኔት ኩባንያ በየትም አገር ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ መንገድ አያስቀምጥም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይከፍትም ብሎ አስልቶ አንዱን መንገድ ለብዙ ሰው ይሸጣል። ስሌቱ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ነገር ግን የተሸጠለት ሰው ሲበዛ፣ መንገዱ ግን ሳይሰፋ ሲቀር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የሰልፍ ጊዜ ይሆናል። ውሉ ላይ የተጻፈው «እስከ» የምትል ቃል ይህን ሁሉ ትሸፍናለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕሩ መንገድ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጐረቤት አገሮች አልፎ ከባሕር በታች ወደ ተዘረጉት ኬብሎች ይደርሳል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ቀይ ባሕር ውስጥ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት 4 ቀን ደግሞ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ መካከል ኬብሎች በተቈረጡ ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ታወከ። ኬብሉ ደኅና ሆኖ እንኳ ርቀት ራሱ ዋጋ አለው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ ከአዲስ አበባ ለንደን ደርሶ ለመመለስ መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ 60 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈልጋል።

በ2009 ዓ.ም. በብሔራዊ ፈተና ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻም እንደ ሆነው ኢንተርኔት ታዞ ሲዘጋ ያ ሌላ ነገር ነው። መዘጋት ውሳኔ ነው፤ ወሳኙም ይጠየቃል። መድከም ግን ምክንያቱ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው አንዱንም በትክክል ሊጠይቅ አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የኛ ሐሳብ ይህ ነው፤ ከመክሰስ በፊት መለካት ያስፈልጋል። ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ይጥፉ፤ አንድ ኮምፒዩተር በሽቦ ከራውተሩ ጋር ይያያዝ፤ ፍጥነቱ ከንጋቱ 12 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይለካ፤ ለአንድ ሳምንትም በደብተር ይጻፍ። በሽቦ ፈጣን፣ በዋይፋይ ዘገምተኛ ከሆነ ጥፋቱ ከቤታችን ነው። ጧትም ማታም ደካማ ከሆነ ሽቦው ይታይልን ማለት ይገባል። ጧት ፈጥኖ ማታ ብቻ ከደከመ የጋራው መንገድ ጠቧል። የአገር ውስጡ ፈጥኖ የውጭው ብቻ ከዘገየ ነገሩ ከባሕሩ ወገን ነው።

የተማሪዎች ማኅበራችንም ይህን ደብተር ከየቤቱና ከየዶርሙ የሚሰበስብ አንድ ኮሚቴ ቢያቆም መልካም ነው። የአንድ ተማሪ ሮሮ ቢሮ ሲደርስ ይሣቅበታል፤ ሰዓትና ቍጥር ያለበት የብዙ ተማሪዎች ደብተር ግን መልስ ይፈልጋል። የምንጠይቀውም ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ ኩባንያዎች «እስከ» ከሚለው ቃል ጋር በምሽት በእርግጥ የሚገኘውን ፍጥነት ይጻፉልን። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ቀነ ገደቡን ሰው ሁሉ ከሚሻማበት ከምሽቱ ሰዓት አንሥተው ቀትር ላይ ያድርጉልን፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ይህ ሁሉ ኩባንያውን ማዳን ነው የሚሉን ይኖራሉ። አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሁሉን የሚረግም ሰው ለጥፋተኛው መደበቂያ ይሠራለታል፤ ቦታውንና ሰዓቱን የሚጠቅስ ግን መሸሸጊያ ያሳጣዋል።

እኛ በበኩላችን በስልኮቻችን ላይ ፎቶግራፍ የሚልከው ሥርዐት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲሠራ አድርገናል። ጓደኛችንንም ይቅርታ ጠይቀነው ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ከእራት በኋላ ፊልሙን ያያል። የተቀነሰው ነጥብ ግን አልተመለሰም።