የዕጣን ፈቃድ ስለ ዛፉም ይጠይቅ

የማዕከላዊ ገበያ ወዳጆቼ፣ እንዲሁም በደወሌና በገላፊ ስትመላለሱ የምትውሉ እህት ወንድሞቼ።

ዛሬ ስለ ቀረጥና ስለ ምንዛሪ አልጽፍም። የማነሣው ሁላችንም በየመደብራችን የምንይዘውን፣ ቡና ስናፈላ የምናጨሰውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚገዛንን ዕጣን ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ በመንግሥት ደን ውስጥ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ዛፍ የሚያፈሰውን ዕጣን ማን ይልቀም? ፈቃዱን ማን ይስጥ? ፈቃዱስ ምን ብሎ ይጻፍ?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ፈቃድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ነጋዴውን ብቻ የሚጠይቅና ስለ ዛፉ ዝም የሚል ፈቃድ ደኑንም እኛንም አያድንም። ፍየል እየጠበቀች አንድ ጣሳ የምትለቅመውን እናትና በመኪና የሚጭነውን ድርጅት በአንድ ዓይን የሚያይ ፈቃድ ደግሞ ደሃውን ወደ ኮንትሮባንድ ይገፋል።

መጀመሪያ ምን እንደምንሸጥ እንወቅ። በኢትዮጵያ ንግድ ዕጣን በሦስት ስም ይጠራል፦ የትግራይ ዓይነት፣ የኦጋዴን ዓይነትና የቦረና ዓይነት። የትግራይ ዓይነት የሚባለው ስሙ ይሁን እንጂ በትግራይ ብቻ አይወጣም፤ ከአማራ ክልል መተማና ቋራም ይመጣል። ይህ ዕጣን የሚገኘው ዛፉን በማድማት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ አድሚው በስለታም ብረት ቅርፊቱን በስሱ ይልጣል። ነጭ ወተት ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይለቀማል። ከዚያም ያው ቁስል እንደገና ይታደሳል። እንዲህ እየተደረገ በአንድ በጋ ከ8 እስከ 12 ዙር ይሄዳል። በአንድ ዛፍ ላይ እንደ ውፍረቱ ከ6 እስከ 12 ቦታ ይቆስላል፤ ከዚያም በላይ የሚያቆስል አለ።

የኦጋዴንና የቦረና ዓይነት ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ራሱ ፈስሶ የደረቀ ነው። በሶማሌ ክልል በሊበንና በአፍዴር፣ በኦሮሚያ ደግሞ በቦረና፣ የሚለቅሙት በብዛት ከብት የሚጠብቁ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ድርቅ ሲመጣና ከብት ሲያልቅ ቤቱን የሚያቆየው ያ ለቀማ ነው።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ሕግ መዳኘት ይቻላል? አንዱ ዛፍ ላይ ስለት ያሳርፋል፤ ሌላው የወደቀውን ያነሣል። ለአንዱ ፈቃድ፣ የባለሙያ ክትትልና ገደብ የግድ ነው። ለሌላው ግን የቀበሌ መታወቂያዋና የአካባቢዋ ሽማግሌዎች ምስክርነት ሊበቃት ይገባል። ወረዳ ከተማ ድረስ በእግር ሂጂ፣ ማመልከቻ አጽፊ፣ ቴምብር ግዢ፣ ነገ ተመለሺ ከተባለች ያቺ ሴት ወይ ለቀማውን ትተወዋለች፣ ወይ በሌሊት ለሚመጣ ደላላ በወደደው ዋጋ ትሸጥለታለች። ደላላው ያተርፋል፤ መንግሥት ግብሩን ያጣል፤ እኛም ከየት እንደመጣ የማናውቀውን ጆንያ እንገዛለን።

ሕጉ ምን ይላል? ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ያወጣችው የደን አዋጅ ቁጥር 542 የሚያውቀው የመንግሥትና የግል ደንን ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ግን የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንንም በባለቤትነት ዓይነትነት ዕውቅና ሰጠ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የዕጣን ደን አጠገብ የሚኖር ሰው «የመንግሥት ነው» ሲባል የሚሰማው «የማንም አይደለም» የሚለውን ነው። የማንም ያልሆነን ነገር ደግሞ ሁሉም ይወስደዋል እንጂ ማንም አይጠብቀውም። በሶማሌላንድ ተራሮች የዕጣን ቦታዎች በቤተሰብና በጎሣ ተከፋፍለው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። እዚያም ዛፍ የሚጎዳ አለ፤ ግን ቢያንስ ማን እንደጎዳው ይታወቃል፣ የሚጠየቅም አለ።

በመተማ በኩል የተለመደው አሠራር ደኑ ለድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት በፈቃድ መሰጠቱ ነው። አድሚዎቹም ብዙዎቹ ከሌላ አካባቢ ለወቅቱ የሚመጡ ቀን ሠራተኞች ናቸው። የንግድ ዲፕሎማ ለያዘ ሰው የዚህ ሒሳብ አይጠፋውም። ደኑ በእጄ የሚቆየው ለጥቂት ዓመት ከሆነና ቀጥሎ ለማን እንደሚሰጥ ካላወቅሁ፣ ዛሬ የምችለውን ሁሉ አድምቼ መሄድ ያዋጣኛል። ሠራተኛው የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ከሆነም ስድስተኛው ቁስል ላይ ለምን ያቆማል? ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የተሰጠው ወረቀት እንዲህ እንዲያስብ ያደርገዋል።

አሁን ስለ ዛፉ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለ መጽሔት የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ያሉትን እነዚህን ደኖች መርምሮ ነበር። ባብዛኞቹ ቦታዎች ትልልቅ ዛፎች ብቻ ቆመዋል፤ ተተኪ ወጣት ዛፍ የለም። በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርት በግማሽ ይቀንሳል ሲል ደምድሟል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የኤርትራ ጥናት፣ ካልደሙ ዛፎች ከተለቀመ 100 ዘር ከ80 በላይ ሲበቅል፣ አጥብቀው ከሚደሙት ከተለቀመው ግን 16 ብቻ እንደሚበቅል አሳይቷል። ገጠር ያደገ ሁሉ ይህን ያለ ጥናትም ይረዳዋል። ላም ሲታለብ ለጥጃዋ ይተዋል። ጡቷን አሟጦ የሚያልብ ሰው ዛሬ ቅሉን ይሞላል፤ ከርሞ ግን የሚያልባት ጊደር የለችውም።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአድሚው ላይ መጫንም ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በመተማ አካባቢ ስለተደረገ ጥናት የወጣው ጽሑፍ፣ የሚደሙትም የማይደሙትም ደኖች እየቀነሱ መሆናቸውን ነው የተናገረው። ቡቃያው በየዓመቱ ይወጣል፤ ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይለበልበዋል። ትልልቆቹን ደግሞ ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ ይጥላቸዋል። በዚህ ላይ ደኑ ለሰሊጥ እርሻና ለሰፈራ ሲመነጠር ኖሯል። ስለዚህ ማድማትን ብቻ ብንከለክል ዛፉ አይድንም። እንዲያውም ከዕጣኑ የሚያገኘው ገቢ የቀረበት የአካባቢው ሰው መሬቱን ሰሊጥ ቢዘራበት ይመርጣል። ዕጣን ዋጋ እስካለው ድረስ ነው ዛፉ የቆመው።

ለዚህ ነው ፈቃዱ ስለ ዛፉ ይጠይቅ የምለው። ዕጣን ከመነሻው እስከ ወደብ ሲሄድ ስንት ወረቀት ይከተለዋል? የንግድ ፈቃድ አለ፣ የዕፀዋት ጤና ማረጋገጫ አለ፣ የስሪት አገር ማረጋገጫ አለ፣ ዲክላራሲዮን አለ። ትራንዚተሩ አንዱ ቢጎድል መኪናው ይቆማል። ከእነዚህ ወረቀቶች መካከል ግን ዛፉ ስንት ቦታ እንደቆሰለ፣ ባለፈው ዓመት አርፎ እንደሆነ፣ በሥሩ ቡቃያ መኖር አለመኖሩን የሚናገር የለም። ጆንያው ጤነኛ መሆኑን እናረጋግጣለን፤ ዛፉ ግን ይሙት ይኑር የሚጠይቅ የለም።

እኔ ብጠየቅ በፈቃዱ ላይ እንዲጻፉ የምፈልጋቸው አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጊዜው ረጅም ይሁን፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ ደኑ ታይቶ የሚታደስ ወይም የሚነጠቅ ይሁን። ዛፉን ከርሞም እንደሚያገኘው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚራራለት። ሁለተኛ፣ ደኑ በክፍል በክፍል ተከፍሎ እየተፈራረቀ ይረፍ። ሦስተኛ፣ ፈቃድ የወሰደ ሁሉ የእሳት መከላከያ መስመር የማውጣትና ቡቃያ ያለበትን ቦታ ከልሎ የማቆየት ግዴታ ይኑርበት፤ ከአካባቢው ገበሬና አርብቶ አደር ጋርም ስለ ግጦሹ ተስማምቶ ይፈርም። አራተኛ፣ ከሚከፈለው ክፍያ የተወሰነው እዚያው ቀበሌ ይቅር። ከደኑ አምስት ሳንቲም የማያይ ሰው እሳት ሲነሣ ለማጥፋት አይሮጥም።

ወዳጆቼ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «ፈቃድ ሲበዛ ጉቦ ይበዛል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ወረቀት ብቻውን ምንም አይጠብቅም። እዚሁ ጅቡቲ በጎዳ ተራሮች ላይ ያለውን የዳይን ጫካ ተመልከቱ። የተከለለ ነው ከተባለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጥዱ ግን አብዛኛው ደርቆ ቆሟል። ክልል መባሉ ከፍየልም ከድርቅም አላዳነውም። እኔ የምለው ግን ወረቀት ይብዛ አይደለም። ያለው ወረቀት ትክክለኛውን ነገር ይጠይቅ፣ ጠባቂውም አካባቢው ላይ የሚኖረው ሰው ይሁን ነው። ለአንድ ጣሳ ለቃሚ ወረቀት እናቅልላት፤ ለጭነት መኪና ባለቤት እናጥብቀው።

«ዋጋው ይወደዳል፣ ደንበኛ ወደ ሌላ ይሄዳል» የሚልም አለ። ዋጋው ለጊዜው ሊወደድ ይችላል፤ አልክድም። ሆኖም ነጋዴ ሁሉ ከትርፍ መብላትንና ከዋናው መብላትን ለይቶ ያውቃል። ከዋናው የሚበላ ሰው ለጥቂት ጊዜ ከጎረቤቱ የተሻለ የሚኖር ይመስላል፤ መደብሩ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የዕጣን ንግዳችን ዛሬ እየበላ ያለው ዋናውን ነው። ዛፉ በአንድ ዓመት አይደርስም፤ ገንዘብ ስላለን ብቻ ከወደብ አናዝዘውም።

ታዲያ እኛ እዚህ ገበያ ያለነው ምን እናድርግ? የአዲስ አበባንም ሆነ የክልል ቢሮዎችን አዋጅ ማርቀቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ገዢ ነን፤ የገዢ ጥያቄ ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል። ከጆንያው ላይ ወረዳውንና የተለቀመበትን ወቅት እንዲጽፉልን እንጠይቅ። ቅርፊት የበዛበትን ዕጣን ርካሽ ነው ብለን አንሻማ፤ ቅርፊት የበዛው ብዙ ጊዜ ስለቱ ከሚገባው በላይ በመጥለቁ ወይም ለቀማው በጥድፊያ በመሆኑ ነው። ከለቃሚዎች ማኅበር የሚመጣውን፣ ምንጩ የሚታወቀውን፣ ጥቂት ጨምረን እንግዛ። ለብቻ ሆኖ ይህን ማድረግ ያከስራል፤ አሥር ሆነን ብናደርገው ግን አቅራቢው ራሱ ይለምደዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጋዘን ተቀምጠው ዕጣኑን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በቆላው የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። እዚህ መደዳ ላይም የምንቸረችረው በብዛት ሴቶች ነን። ፈቃድ ሲሰጥ፣ ማኅበር ሲቋቋም፣ ስብሰባ ሲጠራ ግን ወንበሩ ላይ የምናየው ሌላ ሰው ነው። ስለ ዕጣን ሕግ የሚመክር ሁሉ መጀመሪያ እነዚህን ሴቶች ይጠይቅ። የትኛው ዛፍ እንደደከመ፣ የትኛው ዓመት እንደተዘለለ፣ ቡቃያ የት እንደቀረ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በሚቀጥለው ጭነት ከአቅራቢያችሁ ጋር ስትደዋወሉ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ይህ ዕጣን ከየትኛው ወረዳ ነው? ደኑስ መቼ ነው ያረፈው? መልስ ባይኖረው እንኳ፣ ሁለተኛ ሲደውል አጣርቶ ይመጣል። ያገኛችሁትን መልስ ደግሞ ለእኛም አካፍሉን፤ ማን ምንጩን አውቆ እንደሚሸጥ ብናውቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ቸር ይግጠመን።