ጣና ዳር ሄደን ዙህርና ዐስርን የት ጣልናቸው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰሞኑን በማርቆስ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ድምፅ መስጫ ተለቅቋል። «መንገዱ ሰላም ሲሆን ለዒድ ባሕር ዳር እንወጣለን፤ ጣና ዳር ካሉት ላውንጆች የትኛው ይሻላል?» ይላል። አራት ምርጫ አለው። አንዱ መዋኛ ገንዳ አለው፣ የአንዱ ቪው ያምራል፣ አንዱ ዋጋው ቀለል ይላል፣ አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲጄ ያስመጣል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ተለጥፏል። ፈረንጆች ፎቅ ከሚያህል መርከብ ወርደው፣ ደሴት ላይ ለአንድ ቀን የሚውሉበትን «ቢች ክለብ» ሲያማርጡ ያሳያል። ከፍለው እጃቸው ላይ ባለቀለም አምባር ይታሰርላቸዋል፣ ነጭ አሸዋ ላይ ይንጋለላሉ፣ ማታ ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። «እኛም እንደዚህ!» የሚለው ኮሜንት ከሁሉም በላይ ላይክ አግኝቷል።

እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። ያልሰጠሁት ግን አንዳንዶች እንደጠረጠሩት መውጣትን ስለምጠላ አይደለም።

«ዒድ የዒባዳ ቀን ነው፤ ሽርሽር የነሱ ነው፣ ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከነሱ ጋር ያለኝን በቅድሚያ ልጨርስ። በዒድ ቀን በመዲና መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ የነበሩት እነማን ናቸው? ሀበሾች ናቸው! የኛው ሰዎች! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም፤ እንዲያውም እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሷ ጠግባ እስክትተው ድረስ ከኋላቸው ቆማ እንድታይ አድርገዋታል። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ከሷ ጋር በመንገድ ላይ ሩጫ መሽቀዳደማቸውም በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ዲናችን ነፍስ ማረፍ እንደሚያስፈልጋት ያውቃል። ወጣቱን ከሐላሉ መዝናኛ ሁሉ አግዳችሁ ስታበቁ ወዴት እንዲሄድ ነው የምትፈልጉት? ጫት ቤት? ቤቲንግ ቤት? እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የምለው ይኸው ነው።

የኔ ጠብ ከምርጫው ጋር ነው። ድምፅ መስጫው ላይ ገንዳ አለ፣ ቪው አለ፣ ዋጋ አለ፣ ዲጄ አለ። «የት እንሰግዳለን?» የሚል የለም። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ስቼ ስላየሁት ነው።

በ2013 ከዒደል ፊጥር በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ሃያ ሁለት ሆነን በአንድ ቅጥቅጥ ባሕር ዳር ሄደን ነበር። መንገደኞች ሦስት ከሆኑ እንኳ አንዱን አሚር ያድርጉ ተብሎ የለ? አሚሩ እኔ ነበርኩ። ሱብሒን ደምበጫ ላይ በጀማዓ ሰገድን፣ ነሺዳ እያዳመጥን ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ዳንግላን አለፍን። እስከዚያ ድረስ ጉዞው ያማረ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ቦታውን የመረጡት ልጆቹ ናቸው፤ ስልክ ላይ ፎቶውን አይተው። እኔም ፎቶውን አይቼ «ማሻአላህ» አልኩ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

በሩ ላይ መግቢያ ከፈልን። «በምትጠቀሙት ይታሰብላችኋል» ተባልን። ገባን። ሙዚቃው አጠገቤ ያለውን ልጅ እስከማልሰማው ድረስ ይጮሃል። ግራና ቀኛችን ድራፍት ተደርድሯል። ሥጋው የሙስሊም እርድ አይደለም፣ ስለዚህ ዓሣ አዘዝን፤ የተጠበሰበት ዘይት ከምን ጋር እንደዋለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የቀረው የመግቢያ ሒሳብ እንዳይቃጠልብን ብለን ያልጠማንን ሚሪንዳ ስንጠጣ ዋልን። ዒዳችንን እንዲህ አከበርን።

ዙህር ሲገባ አንድ አስተናጋጅ ጠርቼ የሚሰገድበት ቦታ ጠየቅኩ። ልጁ ደግ ነበር፤ «እዚያ ከወንበሮቹ ኋላ ሞክሩ» አለኝ። ስፒከሩ እዚያ ነበር። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ሁሉንም አስነስቼ መውጣት ነው። እኔ ግን ጠቢብ የሆንኩ መስሎኝ «መንገደኞች ነን፣ ዙህርን ከዐስር ጋር አዘግይተን እናጣምራለን» አልኩ። በሻፊዒ መዝሀብ ይህ ለመንገደኛ የተፈቀደ ነው። ማርቆስ ከባሕር ዳር ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ማሳጠርም ማጣመርም ይቻላል። ግን ዐስር ላይ ሊሰገድ ነው እንጂ ዐስርን አሻግሮ ሊጣል አይደለም! ዐስር ሲደርስ ግማሹ ፎቶ ላይ፣ ግማሹ ጀልባ ላይ፣ ግማሹ ሒሳብ ላይ ሆነ። «መኪና ውስጥ ስንገባ እናቆማለን» ተባለ። ሹፌሩ እንዳይመሽበት ቸኮለ። ዱርቤቴ ላይ ስንቆም ፀሐይ ጠልቃለች።

ሁለት ፈርድ። ሃያ አንድ ሰው። በአንድ ቀን።

ሃያ አንድ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። አንዲት እህታችን በመጸዳጃ ቤቱ ጠባብ ቧንቧ ውዱእ አድርጋ፣ ከግቢው ወጥታ ከቅጥቅጡ ኋላ ነጠላዋን አንጥፋ ሁለቱንም ሰግዳ ነበር። ይህን ያወቅነው ዱርቤቴ ላይ እኛ ቀዷ ልናወጣ ስንሰለፍ እሷ ቀና ብላ ስትቆም ነው። ምንም አልተናገረችም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን «እኛ እስካልጠጣን ድረስ ቦታው ምን አገባው?» የምትሉ አላችሁ። ያገባዋል። በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ኸምር በሚዞርበት ማዕድ እንዳይቀመጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። «የኛ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም» ይባላል፤ እሺ፣ ዑለሞች በዚህ ላይ ዝርዝር አላቸው። መንገድ መሽቶበት ያገኘው ሆቴል የሚያድር ነጋዴ ሌላ ነው። አንተ ግን አልመሸብህም። ከአንድ ወር በፊት ቁጭ ብለህ፣ ፎቶ አይተህ፣ ድምፅ ሰጥተህ፣ ገንዘብ አዋጥተህ ነው ወደዚያ የሄድከው። ተገዶ የገባና መርጦ የገባ እኩል አይጠየቁም። ደግሞ ይህ የላውንጁን ባለቤት መንቀፍ አይደለም፤ ሰውዬው በራሱ ንግድ ላይ ነው፣ ግቡልኝ ብሎም አልለመነንም። ረመዳንን ሠላሳ ቀን ጾመን፣ በማግሥቱ ዒዱን እዚያ ወስደን ያስረከብነው እኛ ነን።

ቦታው እኛንም ይለውጠናል። ያ ሙዚቃ ባይኖር ኖሮ አዛን እናደርግ ነበር። ያ የተከፈለ መግቢያ ባይኖር ቶሎ ተነሥተን እንወጣ ነበር። ገንዘባችን እስረኛ አድርጎ አስቀመጠን።

ውሃውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ዋና መልመድ በሱናው የተወደደ ነው። እኛ ግን የደጋ ልጆች ነን፤ ጨሞጋ ላይ እግራችንን ነክረን ነው ያደግነው። ያን ዕለት አንዱ ልጃችን እስከ ደረቱ ገብቶ እግሩን ጭቃ ያዘው፤ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳቅንበት። አሁን ሳስበው አያስቀኝም፤ እናቱን አውቃታለሁ። ጣና ዳር ቢልሐርዚያ እንዳለም የጤና ተማሪዎቻችንን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሰላቱ ቀጥሎ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ በደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎችን በገመድ አንጠልጥለው በውሃው ዳር በኩል ወደኛ መጡ። ጥበቃው አያቱ የሚሆኑትን ሰው «አንተ! እዚህ አይሸጥም ብዬህ የለም?» ብሎ ጮኸባቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። የእህቶቻችንን ሒጃብ አየት አደረጉና «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለውን ዞሩ። ከኛ መካከል አንዱ፣ ያውም ሐፊዝ ነው፣ «እንዴ! ሙስሊም ናቸው እንዴ?» አለ። እስኪገርመን ድረስ ሰላምታውን የመለስነው ሁለት ወይም ሦስት ነበርን።

ነገደ ወይጦ ናቸው። ጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ ሕዝቦች። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሙስሊም ነን ይላሉ፣ ሙስሊምም ናቸው። አያቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ ይህንስ ታሪክ ይለዋል። የኛ ሰዎችም አብረው ተጸየፏቸው! «እነሱ ሙስሊም አይባሉም» ብለን ሰላምታቸውን፣ ማዕዳቸውን፣ ጋብቻቸውን የሸሸን እኛም ነን። ዛሬ የት አገር ሙስሊም ተበደለ ሲባል ፕሮፋይል የምንቀይር ልጆች፣ የገዛ ክልላችንን ወንድሞች ሰላምታ ስንሰማ «ሙስሊም ናቸው እንዴ?» እንላለን።

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። በላዩ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ከዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ እኛ መርጠን የገባነው በታጠረች ቁራጭ ዳርቻ ነው፤ አጥሩ ደግሞ የውሃውን ልጅ ከውጭ ያቆማል፣ ለፎቶ የመጣውን እንግዳ ያስገባል። ያ ቪዲዮ ላይ «እኛም እንደዚህ» ያላችሁትም ነገር ከዚህ አይለይም። እነዚያ መርከቦች ከሚቆሙባቸው ደሴቶች አንዷ ጃማይካ ናት። እዚያ እንግሊዞች ሲገዙ በ1956 (እ.ኤ.አ) የወጣ ሕግ የባሕሩን ዳርቻ በመንግሥት እጅ ስላደረገው፣ የአገሬው ሰው በገዛ ባሕሩ ዳር እንደልብ የመሄድና የመዋኘት አጠቃላይ መብት የለውም። ዳርቻው ለሆቴሎች ይሰጣል፤ እንግዳው አምባሩን አስሮ ይገባል፣ ዓሣ አጥማጁ ዞሮ ይሄዳል። ሰዎቹ እስከ ዛሬ በዚህ ይከራከራሉ። እኛ የተመኘነው ይህን ነው? አምባሩን?

«ታዲያ የት እንሂድ?» ትሉኛላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁለት ሐሳብ አለኝ።

መንገዱ እስከ ባሕር ዳር የማያስተማምን ከሆነ ዘንገና አለ። ከእንጅባራ ትንሽ ወዲህ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ ጸጥታ አለ። በግ አርደን፣ እንጀራ ጠቅልለን፣ ምንጣፍ ይዘን እንሄዳለን፤ አዛን ብንል የሚያፍነው ስፒከር የለም። መንገዱም በግማሽ ገደማ ያጥራል። ውሃው ውስጥ ግን ማንም እንዳይገባ! ዳርቻው ወዲያው ገደል ነው፤ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር ያልፋል። እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ባሕር ዳር መሄድ ከተቻለ ደግሞ ላውንጁ ይቅርና አስቀድመን ሰው ልከን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ወይጦዎቹ መንደር ዙህርን አብረናቸው እንስገድ። ለመግቢያ የምናዋጣውን ገንዘብ የሠሩትን ሙዳይና ታንኳ እንግዛበት፤ ደግሞ ሳንከራከር። ልጆቻቸው ቁርኣን የሚቀሩበት ሁኔታ ምን እንደሚመስል እንጠይቅ። ምሳውን አብረን እንብላ፣ ከአንድ ገበታ። እጃችንን ከነሱ እጅ ጋር አንድ ሣሕን ውስጥ ለመስደድ የሚከብደን ካለ፣ እሱ ቅጥቅጡ ውስጥ ይጠብቀን። ከዚያ በኋላ ሐይቁን ከፈለጋችሁ እስክትጠግቡ እዩ፣ ፎቶም ተነሡ፣ እኔም አብሬ እነሣለሁ።

አንዳንዱ «ኡስታዝ፣ ይሄ ሽርሽር ሳይሆን ዘመቻ ሆነ» ብሎ በውስጥ መስመር ጽፎልኛል። ያ ሽማግሌ ሰላም ብለውን የሄዱ ዕለት ተነሥቼ ተከትያቸው ብሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አልተነሣሁም። ሚሪንዳዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ድምፅ መስጫው እስከ ሐሙስ ክፍት ነው ተብሏል። አስተባባሪዎች፣ አምስተኛ ምርጫ ጨምሩልን፤ ሽማግሌዎቹን የሚያናግር ሰው ካስፈለገ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ። አሚርነቱን ግን በዚህ ዙር ከቅጥቅጡ ኋላ ለሰገደችው እህት ወንድም ስጡት፤ ቤታቸው ሰዓት ያውቃሉ።

ወሏሁ አዕለም።